ንብ ያልነደፈው ደራሲ

በዚህች በስቴንስል በምትባዛ ትንሽ ጋዜጣችን ላይ ስለ ተማሪው ግዴታ፣ ስለ ሕዝብ አገልግሎትና ስለ አገር ዕድገት ብዙ ተጽፏል፤ ገናም ብዙ ይጻፋል። ከጻፉትም መካከል እኛው ራሳችን እንገኛለን። ዳሩ ግን የጻፍነውን ሁሉ መልሰን ብናነበው አንድ ነገር ጎድሎ እናገኘዋለን። «ይህ መደረግ አለበት» እንላለን እንጂ «ይህ እንዲህ ይደረጋል» አንልም። ገበሬው አሠራሩን ማሻሻል አለበት ብለን እንጽፋለን፤ ከነገ ጧት ጀምሮ በየትኛው እጁ ምን ይያዝ ብሎ ቢጠይቀን ግን መልስ የለንም።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚመረቅ ተማሪ ሁሉ በእጁ ሠርቶ ያወቀውን አንድ ሥራ፣ ፊደል የቆጠረ ሰው አንብቦ ሊሠራው በሚችል አማርኛ ወይም በሌላ የአገሩ ቋንቋ፣ በትንሽ መጽሐፍ ጽፎ ይውጣ። ይህን ስንል ነገሩ ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። እኛ አራት ጓደኛሞች ሞክረን ወድቀናል። ይህን ጽሑፍ የምንጽፈውም የወደቅንበትን ቦታ ለሚመጣው መንገደኛ ለማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ግን የመመረቂያ ጽሑፋችንን ነገር እናንሣ። አንድ ተማሪ ዓመት ሙሉ ደክሞ በእንግሊዝኛ ስለ አፈር፣ ስለ ወተት ወይም ስለ ጉድጓድ ውኃ ይጽፋል። ጽሑፉ ተጠርዞ ሦስት ይሆናል። አንዱ ለመምህሩ ይሰጣል፤ አንዱ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አቧራ ይለብሳል፤ ሦስተኛውን እናቱ ከምረቃው ፎቶግራፍ ሥር ታኖረዋለች። ከሦስቱ ሁሉ በክብር የተያዘው እናቲቱ ዘንድ ያለው ነው፤ እርሷ ግን ልታነበው አትችልም። ጽሑፉ የተጻፈው ስለ እርሷ ጓሮና ስለ እርሷ ላም ሲሆን ለእርሷ የሚነግራት አንድ መስመር እንኳ የለበትም። መምህራኖቻችን ይህን የምንለው የምርምርን ጥቅም ስለ ካድን አለመሆኑን እንደሚረዱልን እናምናለን። ምርምሩ ይቀጥል፤ ግን ከምርምሩ የወጣው ፍሬ ወደ ማሳው የሚመለስበት አንዲት ቀጭን መንገድ ትኑር ነው የምንለው።

ይህን ሐሳብ ለጓደኞቻችን ስናቀርብ ሁለት ተቃውሞ ሰምተናል።

አንደኛው «ሕዝቡ አያነብም» የሚል ነው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ስንቱን ጎልማሳና ሽማግሌ ፊደል እንዳስቆጠረ እናውቃለን። ደግሞ ዛሬ በየገጠሩ ስምንተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ የሌለበት መንደር ጥቂት ነው። አባት ባያነብ ልጅ ያነብለታል። ፊደል የቆጠረ ሰው የሚያነበው ሲያጣ ግን የቆጠረውን ይረሳዋል። እንግዲህ ሕዝቡ አያነብም ከማለት በፊት ምን ጽፈን ሰጠነው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «አማርኛ ለእንዲህ ያለ ሥራ አይበቃም፤ ቃል ያጥረዋል» የሚል ነው። ሞፈርን ከቀንበር፣ እርፍን ከድግር፣ ወገልን ከማረሻ ለይቶ ለእያንዳንዱ ስም የሰጠ ቋንቋ ቃል አጠረው ሊባል አይገባም። ቃል ያጠረን እኛ ነን። የእርሻውን ቃል ለመማር ወደ እርሻ ስላልሄድን መዝገበ ቃላቱ ባዶ መሰለን። ይህ ነገር ለአማርኛ ብቻ የሚነገር አይደለም፤ ለኦሮምኛም፣ ለትግርኛም፣ ለሶማሊኛም፣ ለሌሎቹም የአገራችን ቋንቋዎች ያው ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ዓይነት መጽሐፍ የጻፉ ሰዎች ሲጀምሩ ታላላቅ ደራስያን አልነበሩም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1861 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የቤት አያያዝና የወጥ ቤት መጽሐፍ ያሳተመችው ኢዛቤላ ቢተን ያን ጊዜ የ25 ዓመት ወጣት ነበረች፤ ማለት በእኛ ዕድሜ ነበረች። መጽሐፏ በመጀመሪያው ዓመት 60 ሺህ ያህል ተሸጧል። አብዛኛውን የምግብ አሠራር ያገኘችው ከሌሎች ጽሑፍ ነው፤ የእርሷ ጥበብ ግን የሚያስፈልገውን ነገር ሁሉ ከነመጠኑና ከነዋጋው ለይታ ማስቀመጧ ነበር። ዴቪድ ወርነር የተባለው አሜሪካዊም ሐኪም ሳይሆን የሥነ ሕይወት ሰው ነበር። በሜክሲኮ ተራሮች ውስጥ ከመንደር የጤና ሠራተኞች ጋር ሆኖ «ሐኪም በሌለበት» የሚል ትርጉም ያለውን መጽሐፍ በ1973 በስፓንኛ አወጣ። መጽሐፉ ከ80 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ሦስተኛው ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ ነው። ይህ የአሜሪካ ቄስና መምህር ንቦች በቀፎ ውስጥ ለመተላለፊያቸው ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ክፍተት እንደሚተዉ፣ ከዚያ ቢጠብብ በሙጫ እንደሚደፍኑት፣ ቢሰፋም ሰፈፍ እንደሚሠሩበት ተረድቶ በ1852 ተነቃናቂ ክፈፍ ላለው ቀፎ የባለቤትነት መብት አወጣ። በሚቀጥለውም ዓመት ስለ ቀፎና ስለ ንብ መጽሐፉን አሳተመ። ሌሎች ቀፎውን እየቀዱ ስለ ሠሩ ከመብቱ ብዙ አልተጠቀመም፤ መጽሐፉ ግን በሌሎች እየታረመ ከእርሱ በኋላ ብዙ ዘመን ቆየ።

እኛም የጀመርነው በንብ ነበር። አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ እንደሆነች፣ የማሩም አብዛኛው ክፍል እስከ ዛሬ ከባህላዊ ቀፎ እንደሚገኝ አነበብን። በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በኬንያ ስለ ተሠራውና በአገራችን የግብርና ባለሙያዎች «የሽግግር ቀፎ» ስለሚሉት ሣጥንም አነበብን። ይህ ቀፎ በባለሙያ ፋብሪካ የሚሠራ አይደለም፤ የአገር አናጢ ይሠራዋል። ጥበቡ ያለው ከላይ በሚደረደሩት አግዳሚ እንጨቶች ላይ ነው። እያንዳንዱ እንጨት 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለው ንቦቹ በእያንዳንዱ ሥር አንድ አንድ ሰፈፍ ይሠራሉ፤ ባለቤቱም አንዱን ሲያነሣ ሌላው አይነካበትም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከቤተ መጻሕፍት ሳንወጣ 48 ገጽ ጻፍን፤ አባዛን፤ ክረምት ሲገባም ከመካከላችን የአንዱ የትውልድ መንደር ወደ ሆነ ስፍራ ይዘን ሄድን።

በመንደሩ አንድ በዕድሜ የገፉ ንብ አናቢ አሉ። ከአሥር ዓመት ልጅነታቸው ጀምሮ ቀፎ ሲሰቅሉ የኖሩ ናቸው። ልጃቸው መጽሐፋችንን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እያነበበ አሰማቸው። እርሳቸው አንድ ጊዜም ሳያቋርጡ ካዳመጡ በኋላ «ልጆቼ፣ ይህን የጻፈው ሰው ንብ ነድፎት ያውቃል?» ብለው ጠየቁን። እኛም ሳቅን። እርሳቸው ግን አልሳቁም። ከአራታችን አንድም ሰው ቀፎ ከፍቶ አያውቅም ነበር። የአገሩ ልጅ የሆነው ጓደኛችን እንኳ «አንተ ትምህርትህን ተማር» ተብሎ ከቀፎ እየተከለከለ ያደገ ነው። ሽማግሌው ነገሩን ተረድተው ዝም አሉ። እኛም የድሮ ሰው ስለሆኑ ነው ብለን አለፍነው።

አንድ ወጣት ጎረቤታቸው ግን መጽሐፋችንን አመነ። ይህን ቃል ስንጽፍ ዛሬም ያሳፍረናል። ጣውላ ገዛ፤ ለአናጢ ከፈለ፤ ሣጥኑንም አሠራ። በመስከረም ወር ከነበሩት ጥቂት ባህላዊ ቀፎዎች የአንዱን ንብ አዛወረበት። በኅዳር ማሩን ለማየት እኛም ተጠራን። ቀፎው በተከፈተ ጊዜ ሰፈፉ አንድ በአንድ በየእንጨቱ ሥር ተሰልፎ አልተገኘም፤ ከአንዱ እንጨት ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ እየተጠማዘዘ ሁሉንም አንድ ላይ አስሮት ነበር። መጽሐፋችን «እንጨቱን በቀስታ አንሡ» ስለሚል ወጣቱ በቀስታ አነሣ። ሰፈፉ ተቦጨቀ። ማሩ ፈሰሰ፤ እጩ ወደቀ፤ ንቡ ተቆጣ። የፈሰሰውን ተከትሎ ጉንዳን መጣ። በሦስተኛው ቀን ንቡ ቀፎውን ጥሎ ተሰደደ።

ምክንያቱን ለማግኘት ወደ አናጢው ሄድን። በመጀመሪያው ረቂቃችን ላይ «32 ሚሊ ሜትር» የሚል ተጽፎ ነበር። በኋላ ግን «ባላገር ሚሊ ሜትር አያውቅም፤ እናቅልልለት» ብለን ቁጥሩን ሰርዘን «ሁለት ጣት» አልነው። የእኛ፣ የብዕር ያዦቹ፣ ሁለት ጣት ሲለካ ከዚያ ብዙም አይርቅም። የአናጢው ሁለት ጣት ግን 41 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ። በአንዱ እንጨት 9 ሚሊ ሜትር ቢተርፍ ጥቂት ይመስላል፤ ንቡ ግን በራሱ ልክ ስለሚሠራ በአራተኛው እንጨት ላይ ሰፈፉ መንገዱን ይስታል። አናጢውን «ለምን በሜትር አልለካህም?» ብንለው ከኪሱ የብረት ሜትሩን አውጥቶ አሳየንና «ሜትርስ ነበረኝ፤ መጽሐፉ ሁለት ጣት ስላለ በሁለት ጣቴ ለካሁ» አለን።

ውድ አንባብያን፣ ከዚያ ቀን የተማርነው ነገር በዚህ ዩኒቨርሲቲ ከተማርነው ብዙ ነገር ይበልጣል። የተሳሳትነው በንብ ዕውቀት ብቻ አልነበረም። ሰውየውን ሳናየው አላዋቂ አድርገን በመገመታችን ተሳሳትን። «ለሕዝብ ማቅለል» ያልነው ነገር ንቀት ነበር። ንቀቱም በመጽሐፍ ላይ ስለ ተጻፈ ሥልጣን አግኝቶ የሰው ንብረት አጠፋ። የልብ ወለድ ደራሲ ቢሳሳት ሐያሲ ይወቅሰዋል፤ ባለቅኔ ቤት ቢያፈርስ ጆሮ ይቆረቁራል። አሠራር የሚያስተምር ደራሲ ሲሳሳት ግን ዕዳው የሚወድቀው በማያውቀው ሰው ቤት ነው። ያ ወጣት አንድ የወቀሳ ቃል አልተናገረንም። ቡና አስፈልቶ ጋበዘን። ቢወቅሰን ይቀለን ነበር።

አራታችን ከኪስ ገንዘባችን አዋጥተን አንድ የንብ መንጋ ከነቀፎው ገዝተን ሰጠነው። ይህን የምናወራው ለመመስገን ሳይሆን፣ የመጽሐፍ ስሕተት ዋጋ በብር ሊቆጠር እንደሚችል ለማስረዳት ነው። ከዚያም በመንፈቁ ዕረፍት ወደ ሽማግሌው ተመልሰን «ያስተምሩን» አልናቸው። አሥራ ሁለት ቀን ከእርሳቸው ጋር ሠራን። ቀፎ የሚከፈተው ሲመሽ መሆኑን፣ ኩበቱ ጭስ እንዲሰጥ እንጂ እንዳይነድ እንዴት እንደሚያዝ፣ አዲስ ቀፎ በወይራ ጭስ እንደሚታጠን፣ ማር ሲቆረጥ ለንቡ የሚተርፈው በቅድሚያ እንደሚለይ አየን። ተነደፍን። ከመካከላችን አንዱ ዓይኑ አብጦ ሁለት ቀን በአንድ ዓይን ሲያይ ከረመ። በመጀመሪያው መጽሐፋችን ስለ መነደፍ የነበረው ግማሽ መስመር፣ በሁለተኛው አንድ ሙሉ ገጽ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለሚጽፍ ጓደኛችን ልንነግረው የምንችለው ጥቂት ነገር አለን።

መጀመሪያ፣ ያልሠራኸውን አትጻፍ። አንብቦ ማወቅ ለፈተና ይበቃል፤ ሌላውን ለማሠራት ግን አይበቃም። የምታውቀው ሥራ ጫማ መጠገን ከሆነ ስለ ጫማ ጻፍ፤ ሽሮ መንቀል ወይም በርበሬ ማዘጋጀት ከሆነ ስለዚያ ጻፊ። ከእናትዋ ጓዳ የተማረችው እኅታችን ከላቦራቶሪ ከተማርነው ከእኛ የተሻለ ደራሲ ልትሆን ትችላለች።

ሁለተኛ፣ ረቂቅህን ሥራውን ለማያውቅ ሰው ስጠውና እየተመለከትህ ዝም በል። ከሁሉ የከበደን ይህ ዝምታ ነው። አንባቢው ሲሳሳት «አይ፣ እንዲህ ለማለት ፈልገን ነው» ማለት ያምረናል። ነገር ግን መጽሐፉ ሲሄድ እኛ ተከትለነው አንሄድም። ሁለተኛውን ረቂቅ ንብ ለማያውቅ አንድ የመንደሩ ልጅ ሰጥተን ዝም ብለን ስንመለከት 14 ቦታ ላይ ቆመ። በ14ቱም ቦታ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የእኛ ነበር።

ሦስተኛ፣ ልክን በልክ ጻፍ። አሁን መጽሐፋችን «32 ሚሊ ሜትር» ይላል። በገጹም ጠርዝ ላይ ያንኑ የሚያህል መስመር አስምረንበታል። ከማባዣው ሲወጣ መስመሩ እንዳያጥር ወይም እንዳይረዝም ቅጂውን በማስመሪያ እየለካን ነው የምንልከው። ሜትር ያለው በሜትሩ ይለካል፤ የሌለው ስንጥር በመስመሩ ላይ አስተኝቶ ይቆርጣል።

አራተኛ፣ ሥራው ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ ጻፍ። አብዛኞቹ መጻሕፍት ነገሩ ሁሉ የተሳካለትን ሰው ብቻ ያነጋግራሉ። መጽሐፍ ገልጦ የሚያይ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የተቸገረ ሰው ነው። ሰፈፉ ተሻግሮ ከተገኘ በኃይል አታንሣው፤ መጀመሪያ በቢላዋ ለየው የሚል አንድ መስመር በመጽሐፋችን ኖሮ ቢሆን ያ ንብ ምናልባት ባልተሰደደ ነበር።

አምስተኛ፣ ያሳጥር ዘንድ አትፍራ። የመጀመሪያው መጽሐፋችን 48 ገጽ ነበር፤ ሁለተኛው 22 ነው። የወደቀው አብዛኛው ክፍል ስለ ንብ ዘርና ስለ ዓለም የማር ንግድ ከመጻሕፍት የቀዳነው ነው። ያን የጻፍነው ገበሬውን ለመርዳት ሳይሆን መማራችንን ለማሳየት ነበር።

የመጨረሻው ነገር ስለ ስም ነው። በፊተኛው መጽሐፍ ሽፋን ላይ የአራታችን ስም በትልቁ ተጽፎ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሙን በሽፋን ላይ ያየ ሰው የሚሰማውን ደስታ አንክድም፤ እኛም ማታ ማታ እያወጣን አይተነዋል። ሁለተኛውን ስናዘጋጅ ግን የማን መጽሐፍ እንደሆነ ግራ ገባን። ለሽማግሌው «ስምዎን እናስቀድም» ብንላቸው እንቢ አሉ። «እኔ ከአባቴ ነው ያገኘሁት፤ ስም ከተጻፈ የእርሳቸው ይጻፍ» አሉን። እኛም በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሞቱትን አባታቸውን ስም አስቀደምን፤ የእኛን ስም ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ «ጸሓፊዎች» ብለን አኖርን። አሠራር የሚያስተምር ሰው ከብዙ ተቀባዮች የመጨረሻው መሆኑን ይህ ነገር አስታወሰን።

ለማኅበራችንም የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ይህ ጋዜጣ የሚባዛበት መኪና በወር ውስጥ ጥቂት ቀን ሥራ ይፈታል። በእነዚያ ቀናት የተማሪዎች የሥራ መጻሕፍት ይባዙበት። ጥቂት መምህራንና ጥቂት ተማሪዎች ያሉበት አንድ ኮሚቴ ይቋቋም። ማንኛውም ረቂቅ ከመባዛቱ በፊት ደራሲው ሥራውን በእጁ ሠርቶ ማሳየቱን፣ አንድ ሥራውን የማያውቅ ሰውም መጽሐፉን ብቻ ይዞ ሠርቶ ማሳየቱን ያረጋግጥ። ከዚህ ሌላ ፈተና አያስፈልገውም። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ሥርዓት ወጥቶ ነበር። እኛ ዛሬ ዓመት አልጠየቅንም። ሃያ ገጽ ነው የጠየቅነው።

ያ ወጣት ባለፈው ሳምንት መልእክት ልኮልናል። አናጢው አዲስ እንጨቶች ቆርጦለታል። በመጪው መስከረም አደይ ሲፈነዳ ንብ ያስገባበታል። እኛም በኅዳር ሄደን ቀፎው ሲከፈት ለማየት ቀጠሮ ይዘናል። ሽማግሌው ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ጨምረው ልከውብናል፤ በዚህ ጊዜ ቀፎውን የምንከፍተው እኛው ነን።